ጂኒ የሆንኩበት ቅዳሜ

ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። ግን ባለባጃጁ ለሰፈሩ ሁሉ ስላወራው ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ለቅሶ ልትደርስ አጋሮ ሄደች። እናታችንም አብራት ሄደች። ልጁን ይዘውት ሊሄዱ አልፈለጉም። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ አይታመንም፣ ሚኒባሱ ይጨናነቃል፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ የመጣው ሁሉ እየተቀባበለ ይስመዋል። ልጁን የምትይዘው ልጅ አገሯ ከሄደች ሁለት ሳምንት አልፏታል፣ ስልኳም አይሠራም። ቤት ውስጥ የቀረሁት ሥራ ፈት እኔ ብቻ ነኝ። (ሥራ ፈት የሚለው የእህቴ ቃል ነው። እኔ ሥራ እየፈለግኩ ነው የምለው።)

«ቢበዛ እስከ 8 ሰዓት ነው» አለችኝ። ከዚያ ትእዛዙ ተከተለ። ጡጦው እዚህ፣ ገንፎው እዚያ፣ ዳይፐሩ መሳቢያው ውስጥ፣ ካለቀሰ እንዲህ አድርግ፣ ዝም ካለ ግን ቶሎ ሄደህ እየው። «ዝም ካለ የሆነ ነገር እያጠፋ ነው» አለች። በሩ ጋ ደርሳ ደግሞ ተመለሰች።

«ስልክህን አስቀምጥ፣ እሺ? አደራ!»

«እሺ እቱ። አንድ ልጅ መጠበቅ ምን ችግር አለው?»

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ልጁ አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ማሙሽ እንበለው። መራመድ ከጀመረ ሁለት ወር አይሞላውም። ሲሄድ እንደ ሰከረ ሰው ነው፤ ወደ ግራ ሊወድቅ ሲል ቀኝ እግሩ ይደርስለታል፣ ወደ ቀኝ ሊወድቅ ሲል ግራው። ግን አይቆምም። ዳገት ሆነ ቁልቁለት፣ ምንጣፍ ሆነ ጭቃ፣ ፍጥነቱ አይለወጥም። ፊቱ ላይም ምንም አይነበብም። የሆነ ቦታ ቀጠሮ ያለው ሰው ነው የሚመስለው።

እኔ ደግሞ ዘዴ አለኝ ብዬ ላፕቶፔን ሳሎን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ቶምና ጄሪ ከፈትኩለት።

ልጆች ሳለን ቶምና ጄሪ የምናየው ከመርካቶ፣ ከጅማው ሄርማታ መርካቶ ማለቴ ነው፣ በተገዛ ሲዲ ነበር። አንድ ሲዲ ላይ ስንት ክፍል ታጭቆበት፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ መቆራረጥ ይጀምራል፣ አውጥተን በቲሸርታችን ጠርገን እንመልሰዋለን። ድመቱም አይጡም ስለማይናገሩ አስተርጓሚ አያሻም። አማርኛ የሚያወራው፣ ኦሮምኛ የሚያወራው፣ ከዳውሮ የመጡት የጎረቤታችን ልጆች፣ ሁላችንም እኩል እንስቅ ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲዲው ማጫወቻው ውስጥ ቀርቶብን ሁለት ቀን ሙሉ ማጫወቻውን ከበን የተቀመጥነውን አልረሳም።

ለማሙሽ የከፈትኩለት ግን እንዲሁ የመጣውን አይደለም። መርጬ ነው፣ ሕፃን ያለበት ይሁንለት ብዬ። «ቶት ዋቸርስ» ይባላል፣ የሕፃን ጠባቂዎች እንደማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ክፍል መካከል ያን ቀን ጠዋት ያንን መምረጤ እስካሁን ይገርመኛል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እናትየዋ ልትወጣ ነው። ልጇን ለአንዲት ኮረዳ አደራ ትሰጣለች። ኮረዳዋ ጂኒ ትባላለች። (እናቴ ይሄን ስትሰማ «በስመ አብ» ብላ አማተበች። ያኛው ጂኒ አይደለም እማዬ፣ የፈረንጅ ስም ነው።) እናትየዋ ወጥታ ሳትርቅ ጂኒ ስልኩ ላይ ናት። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ዓለም ቢገለበጥ አትሰማም። ሕፃኑ ከጋሪው ወርዶ እየዳኸ ይሄዳል። ቶምና ጄሪ እንደ ልማዳቸው ሲደባደቡ ያዩታል፣ ይደነግጣሉ፣ ጠባቸውን ትተው አንስተው ይመልሱታል። ደግሞ ይወርዳል፣ ደግሞ ይመልሱታል። አንዴ የውሻው ቤት ውስጥ ይገባል። ቶም እጁን ሰዶ ጎትቶ ያወጣል፣ ያወጣው ግን ሕፃኑን ሳይሆን ውሻውን ነው። ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ውሻው ስፓይክ ነው።

በዚህ ሁሉ የተማረረው ቶም ሕፃኑን አንስቶ ለራሷ ለጂኒ ወስዶ ያስረክባል። ሰውን ያህል ነገር ለሰው ማስረከብ አይደል ትክክሉ? ጂኒ ምን ታደርጋለች? ልጁን የሰረቃት መስሏት ጭንቅላቱን በመጥረጊያ ትለዋለች።

እዚህ ጋ ማሙሽ በጣም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያኔ ነው ስልኬ የጮኸው።

የደወለልኝ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ነው። ክፍት የሥራ ቦታ ወጥቷል፣ አንተን ነው የሚመስለው፣ ዶክመንትህን ዛሬውኑ ላክ ይለኛል። ፍረዱኝ እንግዲህ፣ ይሄ ስልክ አይነሳም? ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ ዝናብ ሲጀምር ከውስጥ ምንም አይሰማም፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። በረንዳ ወጣሁ። ለሁለት ደቂቃ ነው የወጣሁት። ወሬው ከሥራው ወደ ደሞዙ ሄደ፣ ከደሞዙ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከቤት ኪራይ ደግሞ አብራው ስለምትሠራ አንዲት ልጅ፣ ሻይ ስትጠጣ እያየችው ነው ወይስ ከኋላው ያለውን ሰዓት ነው የምታየው ወደሚል ረዥም ክርክር ገባን። እኔ ሰዓቱን ነው አልኩት። ተናደደ። ለማስታረቅ ደግሞ ሌላ አሥር ደቂቃ ሄደ።

ስመለስ ላፕቶፑ ይጫወታል። እየደጋገመ እንዲጫወት አድርጌው ነበር የወጣሁት። ስክሪኑ ላይ ሕፃኑ ፎቅ እየተሠራበት ያለ ቦታ ገብቶ ከአንዱ ብረት ወደሌላው እየዳኸ ነው። ምንጣፉ ላይ ግን ማንም የለም።

ልብ ቁልቁል ይወርዳል ሲሉ ማጋነን ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ውሃ በርሜሉ ነው። ክዳኑ እንዳለ ነው፣ ተመስገን። አልጋ ሥር የለም። ኩሽና የለም። ሽንት ቤት የለም። ከዚያ ጓሮ ስወጣ የቆርቆሮዋ በር ገርበብ ብላለች። የዚያች በር መቀርቀሪያ ከተሰበረ ቆይቷል፣ በድንጋይ ነው የምትደገፈው። ድንጋዩን ጠዋት ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ ያነሳሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የመለሰው ሰው የለም።

ከጓሮው በር ስትወጡ መንገዱ ሁለት ነው። ሽቅብ ካላችሁ አስፋልቱ ጋ ትደርሳላችሁ፣ ባጃጅ እንደ ንብ የሚርመሰመስበት። ቁልቁል ካላችሁ አዌቱ ነው። አዌቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ በበጋ ድንጋይ እየረገጣችሁ ትሻገሩታላችሁ፣ በነሐሴ ግን ጠይም ሆኖ ነው የሚወርደው፣ ምን ይዞ እንደሚሄድ አይታይም። እኔ ቁልቁል ሮጥኩ። አላሰብኩም። እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። አንዱ ነጠላ ጫማዬ መሃል ላይ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ዞር ብዬም አላየሁት።

ወንዙ ዳር ሁለት ልጆች ባጃጅ ያጥባሉ። ከነሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃው ላይ ቀይ ነገር ይታየኛል። ማሙሽ የለበሰው ቀይ ሹራብ ነው። እንግዲህ ልንገራችሁ፣ ዋና አልችልም። ግን ገባሁ። እስከ ጭኔ ድረስ ገባሁ።

«ምን ጠፋህ ኦቦሌሳ?» ይላል አንዱ።

«ልጅ! ልጅ ጠፋኝ!»

የያዙትን ጣሳ ወርውረው እነሱም ገቡ። ሦስት ሰው ዝናብ ላይ፣ ውሃ ውስጥ፣ እየተጯጯህን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ከበን ቀዩን ነገር ያዝነው። ፌስታል ነው። ውስጡ የሽንኩርት ልጣጭ።

ማታ ቤት ገብቼ ካርቱኑን ደግሜ ሳየው ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? ቶምና ጄሪ ሕፃኑን ብረቱ ላይ ሲያሳድዱት ይቆያሉ። ሕፃኑ ከጣውላው ጫፍ ሊወድቅ ሲል ጄሪ በሽንት ጨርቁ ይይዘዋል፣ ጨርቁ ይፈታል፣ ሕፃኑ ይወድቃል፣ ቶም ከታች ይቀልበዋል፣ ከዚያ ጨርቁን መልሶ ሊያስርለት ሲሞክር ለራሱ አስሮት ያርፋል። በመጨረሻ ሕፃኑ የኮንክሪት ማቡኪያው ሚክሰር ውስጥ የገባ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ዘለው ይገባሉ። ሕፃኑ ግን እዚያ አልነበረም። ውጪ ቁጭ ብሎ በመዶሻ ይጫወታል። እኛ አዌቱ ውስጥ ስንንቦራጨቅ ማሙሽም የነበረው ልክ እንደዚያ ነው። መዶሻ እንኳን አልጎደለም።

የሄደበትን መንገድ በኋላ እየጠየቅኩ አንድ በአንድ አገኘሁት። ከጓሮው ወጥቶ ሽቅብ ነው የሄደው። መታጠፊያው ላይ በሸራ ሥር በቆሎ እሸት የሚጠብሱ እናት አሉ። አቁመው አፍንጫውን ጠርገው፣ ያለቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ አስይዘውታል። ቀጥሎ ያለው ሱቅ ባለቤት ዝናብ እንዳይመታው ብሎ ጥላው ሥር አስጠልሎታል፣ ደንበኛ ሲመጣ ግን ረሳው። ከሱቁ በላይ በርጩማ የሚሠሩ እንጨት ሠሪ ሽማግሌ አሉ፣ ያን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ። እሳቸው ጋ ገብቶ ተቀምጧል። ገና ያላለቀ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በትንሿ የእንጨት መዶሻ ወለሉን ሲደበድብ ቆየ አሉኝ። «ሥራ የሚወድ ልጅ ነው» አሉኝ ደግሞ፣ አዩኝና፣ ሌላ ነገር ሊጨምሩ ፈልገው ተዉት።

ሁሉም አይተውታል። ሁሉም የሆነ ነገር አድርገውለታል። ሁሉም ደግሞ ከኋላው ሰው ያለ መስሏቸዋል። «እናቱ መጣሁ ብላ ሱቅ ገብታ ይሆናል ብዬ ነው» ይላሉ በቆሎ ጠባሿ። ባለሱቁ ደግሞ ልጁ የእሳቸው መስሎታል። በነገራችን ላይ እሳቸውና ባለሱቁ በሸራው ውሃ ምክንያት፣ ውሃው የሱ ደጃፍ ላይ ይወርዳል ነው፣ ከተኳረፉ ወር አልፏቸዋል። ያን ቀን ነው «ልጁን አየኸው?» ብለው መጀመሪያ የተናገሩት። እሁድ መልሰው ተኮራረፉ።

ካርቱኑ ውስጥ ሁሌ ሲገርመኝ የነበረው ይሄ ነው። ሕፃን ብቻውን መንገድ ላይ እየዳኸ ሲሄድ አንድ ሰው አያየውም። ከድመትና ከአይጥ በቀር ከተማው ባዶ ነው። የኛ ሰፈር ያንን ካርቱን መሥራት አይቻልም፣ ገና አሥር እርምጃ ሳይሄድ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ብለው ሦስት ሴቶች ይይዙታል እል ነበር። እና አዎ፣ ያዙት። ከዚያ ደግሞ ለቀቁት።

ማሙሽ ከበርጩማው ተነስቶ ወደ አስፋልቱ ሲሄድ ነው ባለባጃጁ ያየው። ፍሬን ይዞ ወርዶ አነሳው። የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ በቆሎ ጠባሿ ግቢያችንን ጠቆሙት። ልጁን ከፊት አስቀምጦ፣ እያጫወተ፣ በር ድረስ አመጣው። አንኳኳ። መልስ የለም፣ እኔ አዌቱ ውስጥ ነኝ። ገባ፣ ተጣራ። ላፕቶፑ ብቻ ነው የሚያወራው። ሰው የለም ብሎ ልጁን ታቅፎ ተመልሶ ወጣ።

እኔ የደረስኩት እሱ ሲወጣ ነው።

አሁን በኔ ዓይን እዩት። እስከ ወገቤ ጭቃ ነኝ፣ አንድ ጫማ ነው ያለኝ፣ ልቤ ሊወጣ ነው። አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ከቤታችን ማሙሽን ታቅፎ እየወጣ ወደ ባጃጅ ይሄዳል።

«ሌባ! ያዙት! ልጅ ሰረቀ!»

አንገቱን አነቅኩት። እሱ ልጁ እንዳይወድቅበት በሁለት እጁ ይዟል፣ ስለዚህ እጁን መመከቻ ማድረግ አልቻለም። «ወላሂ ላመጣው ነው! ወላሂ!» ይላል። ማሙሽ ደግሞ ነገሩ ደስ ብሎት መሰለኝ በቆረቆንዳው የባለባጃጁን አፍንጫ ይቀጠቅጣል። ሰፈሩ ወጣ። አንዱ «ፖሊስ ጥሩ» ይላል፣ አንዱ የባጃጁን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ያዳነን የበቆሎ ጠባሿ እናት ናቸው። ከነማራገቢያቸው መጡ። ሰው ይከፈላል፣ ይገባሉ፣ እኔ እፎይ ልል ስል፣ በማራገቢያው ትከሻዬን አሉኝ።

«አንተ ነህ ሌባው! ልጁን ሜዳ ላይ የጣልከው አንተ! ይሄ ልጅ ባያነሳው መኪና በልቶት ነበር!»

የሳር ማራገቢያ አያምም። ግን ያመኛል አሁንም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ። እኔ የፈራሁት እህቴን ነበር፣ የመታሁት ባለባጃጁን። ካርቱኑም ላይ ልክ እንደዚያው ነው። ቶምና ጄሪ ያን ሁሉ መከራ አይተው፣ ሞተው ተነስተው፣ ሕፃኑን ይዘው እየተጎተቱ ቤት ሲደርሱ ጂኒ ፖሊስ ጠርታ ጠፋብኝ እያለች ታለቅሳለች። ልጁን ትቀበላለች፣ ፖሊሱ ደግሞ ድመቱንና አይጡን ሕፃን ሰርቃችኋል ብሎ አስሮ መኪና ላይ ይጭናቸዋል። ጂኒን ምን ሠራሽ ያላት የለም።

ልጅ ሆኜ ይሄ ያናድደኝ ነበር። ጂኒን እጠላታለሁ። አሁን ግን ደግሜ ሳያት ክፉ አይደለችም። ልጅ ናት፣ ጓደኛዋ ደወለችላት። እሷ ቢያንስ ስልኳ ገመድ ነበረው።

ያን ምሽት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ካርቱኑ ማንበብ ጀመርኩ። የወጣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1958 ነው፣ በኛ ሐምሌ 25 ቀን 1950 መሆኑ ነው። ርዝመቱ 6 ደቂቃ ተኩል ገደማ። ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ኤም ጂ ኤም የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ሆነው ቶምና ጄሪን ማውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ ያኔ ድመቱ ገና ቶም እንኳን አልተባለም፣ ጃስፐር ነበር ስሙ። በ18 ዓመት ውስጥ 114 አጫጭር ፊልም አወጡ፣ ሰባቱ ኦስካር አገኙ። 114ኛው ይሄ የጂኒው ነው። የመጨረሻቸው ማለት ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1956 ያቺው ጂኒ ያው ስልኳ ላይ ተጥዳ የታየችበት ሌላ ክፍልም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩን አልዘጋችውም።

የሚገርመው ግን ፊልሙ ሲወጣ የተሠራበት ስቱዲዮ ተዘግቷል። ኤም ጂ ኤም የካርቱን ክፍሉን የዘጋው ከዓመት በፊት በ1957 ነው። ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው፤ የድሮዎቹን ደግሞ ማሳየት አዲስ እንደመሥራት ያህል ገንዘብ ካመጣ ለምን ይለፋል? ሃናና ባርቤራ የራሳቸውን ድርጅት ከፍተው ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ፣ በ1960 ፍሊንትስቶንስ የሚባለውን ካርቱን ይዘው መጡ። ስለዚህ ለቲያትር ቤት የሠሩት የመጨረሻ የቶምና ጄሪ ታሪክ ልጅ ለመመለስ ሲደክሙ ውለው በሌብነት የታሰሩበት ነው። አስበውበት አይመስለኝም። ግን ሥራ ፈላጊ ሆኖ ለሚያነበው ሰው የሆነ ነገር ይነካል።

እውነቱን ለመናገር ምርጡ ቶምና ጄሪ አይደለም። የ1940ዎቹ ይሻላሉ። ሥዕሉ የዚያን ጊዜው ድምቀት የለውም፣ ጀርባው ላይ ያለው ቤትና መንገድ ቀለል ቀለል ብሏል። ጊዜ አጠባበቁ ግን ያው ነው። ባርቤራ ቀልዱን በሥዕል ያቅዳል፣ ሃና ጊዜውን ይቆጥራል፣ በሰከንድ ውስጥ ካሉት 24 ሥዕሎች ስንተኛው ላይ ጥፊው እንደሚያርፍ የሚወስነው እሱ ነው። ስኮት ብራድሊ የሚባለው ሙዚቀኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ እርምጃ ኖታ ይጽፍለታል። ያ የቶም ጩኸት፣ ያ ጣቱ በር ሲዘጋበት የሚያወጣው፣ የዊልያም ሃና የራሱ ድምፅ ነው። ይሄን ሳውቅ ቤት ውስጥ ለሁሉም እየዞርኩ ተናገርኩ፣ እህቴ «የአንተንም ጩኸት ሰምተናል» አለችኝ።

አዎ፣ ሰምታለች። ያን ቀን 7 ሰዓት ላይ ስትደውል «እንዴት ነው?» አለች። «ደህና ነው፣ ካርቱን እያየ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም፣ በዚያች ደቂቃ እያየ ነበር። ገላውን አጥቤዋለሁ፣ ልብሱን ቀይሬዋለሁ፣ ቀዩን ሹራብ ደብቄዋለሁ፣ የጓሮውን በር በድንጋይ ብቻ ሳይሆን በጤፍ መፍጫ ግማሽ ወፍጮ ደግፌዋለሁ። 8 ሰዓት ላይ ሲመጡ ማሙሽ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ንጹህ፣ ዝም ብሎ።

እህቴ ዝምታውን ስታይ ጠረጠረች። አንስታ ስታቅፈው ከጀርባው አንድ ነገር ወደቀ።

«ይሄ መዶሻ ከየት መጣ?»

ከእንጨት ሠሪው ይዞት መጥቶ ኖሯል። እኔ ፌስታል ስይዝ እሱ መዶሻ ይዞ ቤቱ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፣ እናቴ ብቻ «አደራ በላ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ እንዳለች ልንገራችሁ።

እሁድ ጠዋት ባለባጃጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኩት። አጂፕ ጋ ነበር፣ ተራ እየጠበቀ። አንገቱ ላይ ጥፍሬ ይታያል። ቤት ና ቡና ጠጣ አልኩት፣ እናቴ አፍልታ ትጠብቅሃለች። መጀመሪያ አልመጣም አለ። ከዚያ ቡናው በቆሎም አለው ወይ አለና ሳቀ፣ መጣ። ማሙሽ ሲያየው እጁን ዘረጋለት። ለኔ እንደዚያ ዘርግቶልኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ቡና ላይ ላፕቶፑን አምጥቼ ካርቱኑን አሳየሁት። ስለ ሁሉም ነገር ያብራራሁት እሱን ለማሳቅ ነበር። ጠባቂዋ ጂኒ ትባላለች ስለው «አዑዙ ቢላህ» አለ። ቶም ሽንት ጨርቁን ለራሱ ሲያስር ሲኒው እስኪወድቅ ሳቀ። መጥረጊያው ላይ ግን አልሳቀም፣ አንገቱን ነካ አደረገ። መጨረሻው ላይ ፖሊሱ ቶምና ጄሪን ይዞ፣ ልጁ ራሱ እየዳኸ ወጣ የሚሉትን አላምንም ሲል፣ ሕፃኑ በመኪናው አጠገብ እየዳኸ ያልፋል። እዚያ ጋ ዝም ብሎ ቆየ።

«እኔ የትኛው ነኝ?» አለኝ። «ድመቱ ነኝ አይጡ?»

«ድመቱ» አልኩት።

«ድመቱ አይደለም እንዴ የተመታው?»

«እሱስ ነው።»

ሲኒውን አስቀመጠ። ዙሪያውን አየ። «ልጁ የታለ?» አለ።

ሁላችንም ተነሳን።